ስፓኒሽ ተምሮ፣ በየቤቱ ዞሮ የሚያክም ሐኪም

ልጅ ለትምህርት ወደ ውጭ ሊሄድ ነው ሲባል በየቤታችን የሚጠሩት አገሮች የታወቁ ናቸው። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ጀርመን፣ ቱርክ፣ ሕንድ፣ ቻይና። ልጅቷ «ኩባ ሄጄ ሕክምና ልማር» ስትል ግን ቤቱ ለአፍታ ዝም ይላል። አባት አገሩን ካርታ ላይ ይፈልጋል። እናት «በምን ቋንቋ?» ትላለች። አክስት ደግሞ «ተምራስ ምን ልትሆን ነው? የጤና ጣቢያ ሐኪም?» ብላ ሁሉም በልቡ የያዘውን ሥጋት ታወጣዋለች።

ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ይገባቸዋል። አገሩ እንዴት ያለ ነው? ቋንቋው ይያዛል ወይ? ትምህርቱስ ለእኛ ምን ይረባል? በየተራ እንያቸው። አስቀድመን ግን አንድ ነገር እናስታውስ፤ ኩባ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አዲስ አገር አይደለችም።

ቀድመው የሄዱት

አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ የቆመውን የትግላችን ሐውልት የማያውቅ የከተማችን ነዋሪ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን በግቢው ውስጥ የኩባውያን ምስል መኖሩን ነው። እነዚህ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጎን ተሰልፈው የወደቁ ናቸው።

ከጦርነቱ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተላኩ። ብዙዎቹ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ ነበሩ። ያረፉት ከዋናዋ ደሴት በስተደቡብ በምትገኘው፣ ኩባውያን «ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ»፣ ማለትም «የወጣቶች ደሴት» በሚሏት ቦታ ነው። እዚያ ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ልጆች በየራሳቸው ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። የቀኑ ግማሽ ለክፍል፣ ግማሹ ለእርሻ ሥራ ነው። ብርቱካንና ግሬፕፍሩት እየለቀሙ፣ ስፓኒሽ ከሀ እየጀመሩ አደጉ። ከእነሱ መካከል ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የእንስሳት ሐኪምና የግብርና ባለሙያ የሆኑ ብዙ ናቸው።

ታሪኩ ጣፋጭ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ለዓመታት ቤተሰብ ሳያዩ፣ ደብዳቤ እየጠበቁ አድገዋል። በ1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መንግሥት ሲለወጥ በትምህርት ላይ የነበሩት ደግሞ የላካቸው መንግሥት ወድቆ፣ ያስጠለለቻቸው አገርም የሶቭየት ኅብረትን ድጋፍ አጥታ በችግር ላይ ሆነው ራሳቸውን አገኙት። ዛሬ ልጁን የሚልክ ወላጅ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ። የነፃ ትምህርት ዕድል በሁለት መንግሥታት መካከል ያለ ስምምነት ነው፤ ስምምነት ደግሞ ይለወጣል። ስለዚህ ቤተሰብ የራሱን መጠባበቂያ ይዞ መነሣት አለበት።

ከማዕበል የተወለደ ትምህርት ቤት

እ.ኤ.አ. በ1998 ጆርጅ እና ሚች የተባሉ ሁለት ከባድ አውሎ ነፋሶች የካሪቢያንና የመካከለኛው አሜሪካን አገሮች መቱ። ኩባ ሐኪሞቿን ወደ ተጎዱት አገሮች ላከች። ወዲያው ግን አንድ ጥያቄ ተነሣ። እንግዳው ሐኪም ሲመለስ በሽተኛው ከማን ጋር ይቀራል? መልሱ የየአገሩን ወጣቶች ማስተማር ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ከሃቫና በስተምዕራብ በባሕር ዳር የነበረ የባሕር ኃይል አካዳሚ ወደ ላቲን አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ተለወጠ። በምሕጻረ ቃል ኤላም ይባላል።

ከመላው ዓለም፣ ከ100 በላይ አገሮች የመጡ ወጣቶች ተምረውበታል። የተመረቁት ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። ከአሜሪካ ሳይቀር፣ በተለይ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ሰፈሮች የመጡ ተማሪዎች ገብተውበታል። ትምህርቱ 6 ዓመት ነው። ስፓኒሽ የማይችሉ ተማሪዎች ከዚያ በፊት ቋንቋውንና የመሰናዶ ሳይንስ ይማራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በኤላም ግቢ ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ በየክፍለ ሀገሩ ወዳሉ የማስተማሪያ ሆስፒታሎችና ጤና ተቋማት ይበተናሉ። ከነፃ ትምህርቱ ሌላ በክፍያ የሚማሩም አሉ፤ ስለዚህ ቤተሰብ የቀረበለት ዕድል የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።

«ሜ ዱዌሌ»፣ «ያመኛል»

አሁን ወደ እናት ጥያቄ እንምጣ። ስፓኒሽ ከ20 በላይ በሚሆኑ አገሮች ይነገራል። ከአፍሪካም ኢኳቶሪያል ጊኒ አለች። በአፍ መፍቻ ተናጋሪዎች ብዛት ከማንዳሪን ቻይንኛ ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ከሚያስፈራው ይልቅ የሚያቀርበው ይበዛል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ራሱን ሲያመው «የራስ ምታት አለኝ» ይላል። ኩባዊው ግን «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ይላል። ቃል በቃል ብንወስደው «ራስ ያመኛል» ማለት ነው። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ሕመሙ ሠሪ፣ ሰውየው ተቀባይ ነው። «ሜ ጉስታ» የሚለውም እንደ እኛው «ደስ ይለኛል» ነው። ሌላው ዓለም ለወራት የሚታገለው ሰዋስው ለእኛ ልጆች የቤት ነገር ነው።

ድምፁም እንዲሁ ነው። በስፓኒሽ ፊደል ላይ ሰረዝ የምትደረግባት «ኝ» እንግሊዝኛ ተናጋሪን ታስቸግራለች። እኛ ከሕፃንነት ጀምሮ የራሷ ፊደል አለችን። «ኒኞ» ሕፃን ልጅ፣ «አኞ» ዓመት ማለት ነው። «ፔሮ» ረ ሲላላ «ግን»፣ ረ ጠብቆ ሲንከባለል «ውሻ» ማለት ነው። «ገና» ላልቶና ጠብቆ ሁለት ትርጉም እንደሚኖረው ለምናውቅ ሰዎች ይህ አያስደነግጥም። አክብሮትም አለ። «ቱ» አንተና አንቺ ነው፤ «ኡስቴድ» ደግሞ እርስዎ። ታላቅን አንቱ እያለ ያደገ ልጅ የአረጋዊት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ የቱን መምረጥ እንዳለበት አይጠፋውም።

የሚያሳስቱም አሉ። በኩባ «ጓጓ» አውቶቡስ ነው። በኢኳዶርና በቺሊ ተራሮች ግን ሕፃን ልጅ ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ ምን እንደሆነ እናውቃለን። «ኤምባራሳዳ» የሚለውን ቃል የሰማ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ያፈረች» ይመስለዋል፤ ትርጉሙ ግን «ነፍሰ ጡር» ነው። በምርመራ ክፍል ውስጥ ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም።

የጤና ተማሪ ቋንቋ የሚማረው ከመናገር ይልቅ ለመስማት ነው። ኩባዊት አያት «ኡን ዶሎርሲቶ» ትላለች፤ «ትንሽዬ ሕመም» እንደማለት ነው። ያቺ ትንሽዬ ሕመም ግን ከትናንት ወዲያ የጀመረ የደረት ውጋት ልትሆን ትችላለች። የእኛስ እናቶች? «ምንም አይደል፣ ትንሽ ነው» እያሉ ስንት ወር ይቀመጣሉ? ስኳር በሽታን ሕዝቡ «አሱካር»፣ ማለትም «ስኳር» ይለዋል፤ ልክ እንደ እኛ። እናት ሕፃኗ ላይ ጥቁር የአሳባቼ ድንጋይ አንጠልጥላ «ከሰው ዓይን እንዲጠብቀው» ስትል ኢትዮጵያዊው ተማሪ አይገረምም። ሆድ ሲነፋ «ኤምፓቾ ነው» ብለው ወደሚያሹ ሴቶች የሚሄዱ ሰዎች ሲያጋጥሙትም አገሩ ትዝ ይለዋል። ጥሩ መምህር በእነዚህ ነገሮች አትሳቅ ይለዋል። «ማን ጋር ሄደሽ ነበር? ምን ሰጡሽ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ የምርመራው አካል ነው።

በሽተኛው ሳይመጣ የሚሄድ ሐኪም

በኩባ ከ1959 (እ.ኤ.አ.) አብዮት በኋላ ከአገሪቱ 6 ሺህ ገደማ ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ አገር ጥለው ሄዱ። የቀረው ሥርዓት ሆስፒታል እየጠበቀ መኖር አልቻለም። በ1960ዎቹ «ፖሊክሊኒኮ» የሚባሉ የአካባቢ ጤና ተቋማት ተስፋፉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ የቤተሰብ ሐኪምና ነርስ ፕሮግራም በሃቫና ተጀመረ። አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ መጀመሪያ ላይ 120 ያህል ቤተሰቦችን እንዲይዙ ተደረገ። «ኮንሱልቶሪዮ» የምትባለው ትንሽ ክሊኒክ በሰፈሩ መሐል ትሠራለች። በብዙ ቦታ ሐኪሙ የሚኖረው እዚያው ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው።

የሥራው ቀን በልማድ ለሁለት ይከፈላል። ጠዋት በሽተኞች ወደ ክሊኒኩ ይመጣሉ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙና ነርሷ ወደየቤቱ ይሄዳሉ። ተማሪውም ይከተላል። ደረጃ ይወጣል፣ በር ያንኳኳል፣ በትንሽ ስኒ የሚቀርብ ወፍራምና ጣፋጭ ቡና ይጠጣል። «ቡና ጠጡ» ሳይባል የማይገባበት ቤት ላደገ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። እየጠጣም ያያል። ውኃው የት ይቀመጣል? አያት የሚወድቁበት ደረጃ አለ? ቤት ውስጥ ማን ያጨሳል? መድኃኒቱ በእርግጥ እየተወሰደ ነው ወይስ ከነማሸጊያው ተቀምጧል?

የሰፈሩ ሰዎች ሁሉ፣ ጤነኞቹም ጭምር፣ በአራት ይመደባሉ። የመጀመሪያው ጤነኛ የሚመስል ሰው ነው። ሁለተኛው ለበሽታ የሚያጋልጥ ነገር ያለበት ነው፤ ለምሳሌ የሚያጨስ ወይም ከመጠን በላይ የወፈረ። ሦስተኛው እንደ ደም ግፊትና ስኳር ያለ በሽታ ያለበት፣ አራተኛው ደግሞ የአካል ጉዳት ወይም በሽታ ጥሎት የሄደ ችግር ያለበት ሰው ነው። ምንም የማያመው ሰው እንኳ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል። ሌሎቹ እንደየምድባቸው ይደጋገምላቸዋል። በየዓመቱም ሐኪሙ የሰፈሩን የጤና ሁኔታ በጽሑፍ ይተነትናል። ተማሪው ከዚህ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ በሽተኛ የሚባለው አልጋ ላይ የተኛው ብቻ አይደለም፣ መንገዱም፣ ቧንቧውም፣ ማጀቱም ታሪክ አላቸው።

ውጤቱ በዓለም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኩባ ኤች አይ ቪ እና ቂጥኝ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፉ በማድረግ በዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያዋ አገር ተብላ ተመስክሮላታል።

«የጤና ጣቢያ ሐኪም?»

የአክስት ጥያቄ ከሁሉም ከባድ ነው፤ የብዙዎቻችንን ልብ ይናገራልና። በከተማ ቤተሰብ ዘንድ ልጅ ሐኪም ሆነ ማለት የልብ ወይም የነርቭ ስፔሻሊስት ሆነ ማለት ነው። ደጃፍ እያንኳኳ የደም ግፊት የሚለካ ሐኪም የተሸነፈ ይመስለናል።

ነገር ግን በየቤታችን ያለውን ሕመም እንቁጠር። የአባት ደም ግፊት፣ የእናት ስኳር፣ የአያት ጉልበት፣ የልጁ አስም። ከእነዚህ አብዛኛዎቹ ቀዶ ጥገና አይፈልጉም። የሚፈልጉት ስማቸውን የሚያውቅ፣ በየጊዜው የሚያያቸው፣ መድኃኒት ማቋረጣቸውን ቀድሞ የሚነቃ አንድ ሰው ነው። ስፔሻሊስት ጋ የምንደርሰው ብዙውን ጊዜ ይህ ሰው ስለሌለን ነው።

ሐሳቡም ከውጭ የመጣ ብቻ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በቡድን ወደ ገጠር እያሰማራ ያስተምር ነበር። ጅማም በ1970ዎቹ ትምህርቷን በማኅበረሰብ ውስጥ መማር በሚል መርሕ ላይ መሠረተች። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው በየቤቱ ይዞራሉ። በኩባ ነፍሰ ጡሮች ወልደው እስኪገላገሉ የሚያርፉባቸው የእናቶች ቤቶች ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሉ። በእኛም አገር በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል በ1960ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) የጀመረው የእናቶች ማቆያ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይገኛል።

ሌላም አለ። በኩባ የሕክምና ተማሪዎች በየቤቱ እየዞሩ የሚያደርጉት አሰሳ «ፔስኪሳ» ይባላል። ትኩሳት ያለበት ሰው አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፣ ትንኝ የሚራባበትን የውኃ ማጠራቀሚያ ይመለከታሉ። በኮቪድ ጊዜም በብዛት ተሰማርተው ነበር። ከትንኟ የሚመጣው የደንጊ ትኩሳት በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋን አስጨንቆ አልነበረም? ሃቫና ውስጥ በርሜል ከፍቶ ማየት የተማረ ልጅ ለድሬዳዋ የሚሆን ሙያ ይዞ ነው የሚመለሰው።

ዲያስፖራ ላይ ላሉ ቤተሰቦች

በአሜሪካ የተወለዱ ልጆቻችን ወደ ኩባ ለመሄድ የአገራቸው ሕግ ያጠብቅባቸዋል። ስለዚህ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ክረምት ወይም ለአንድ ሴሚስተር ጓቴማላን፣ ኢኳዶርን ወይም ኮስታ ሪካን ይመርጣሉ። በጓቴማላ አንቲጓ እና ኬትሳልቴናንጎ ከተሞች ያሉት የቋንቋ ትምህርት ቤቶች አንድ መምህር ለአንድ ተማሪ በመመደብ የታወቁ ናቸው። ተማሪው ከቤተሰብ ጋር ይኖራል። በጤና ፕሮግራም ውስጥ ካለም «ኮማድሮና» ከሚባሉ የልምድ አዋላጆችና ከጤና አስተዋዋቂዎች ጋር ይውላል።

እዚያ አንድ የማይጠበቅ ነገር ያጋጥማል። ጓቴማላ ከ20 በላይ የማያ ቋንቋዎች የሚነገሩባት አገር ናት። ለብዙ የገጠር እናቶች ስፓኒሽ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ለተማሪውም እንደዚያው። ሁለቱም በሰው ቋንቋ ስለ ሕመም ይነጋገራሉ። ከ80 በላይ ቋንቋዎች ባሏት አገር፣ በአማርኛ ብቻ የሚመረምር ሐኪም ፊት ስንት እናቶች አንገታቸውን ነቅንቀው እንደሚወጡ ለማሰብ ይህ ጥሩ መነሻ ነው።

ጥቅሙም ቅርብ ነው። በዋሽንግተንና አካባቢዋ የኤል ሳልቫዶር ተወላጆችና ኢትዮጵያውያን ጎን ለጎን ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ስፓኒሽንም አማርኛንም ያገለግላል። ሁለቱን የሚናገር ነርስ ወይም ሐኪም በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የሁለት ሕዝብ ጆሮ ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ለጥቂት ሳምንታት የሄደ ተማሪ በአገሩ የማይፈቀድለትን መርፌ መውጋት ወይም ማዋለድ በድሃ አገርም ሊያደርገው አይገባም። «ብዙ ነገር በእጃችሁ ትሠራላችሁ» ብሎ የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም ካለ ወላጅ ሊጠራጠር ይገባል።

ከመፈረም በፊት

ኩባ ዛሬ በቀላል ጊዜ ላይ አይደለችም። መብራት ለረጅም ሰዓት ይጠፋል። መድኃኒትና ምግብ ያጥራል። ብዙ ሐኪሞች አገር ለቀዋል። ለዓመታት ከ1000 ሕፃናት ከ5 በታች የነበረው የሕፃናት ሞት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከፍ ብሏል። ሥርዓቱ ጥሩ ሐሳብ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል፤ ጓንትም፣ ክኒንም፣ ደመወዝም ያስፈልጋል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ አገሩ ሲመለስ የሚናገረው ሚዛን ይኖረዋል። ወላጅ ግን ልጁ የሚገባበትን አውቆ መላክ አለበት። እነዚህን ጥያቄዎች በቤት ተቀምጠው አብረው ይመልሱ።

• የትምህርት ዕድሉ በትክክል ምን ይሸፍናል? የአውሮፕላን ትኬትስ? የእረፍት ጊዜ ጉዞስ?

• ዲግሪው በኢትዮጵያ እንዴት አቻ ግምት ያገኛል? የሙያ ፈቃድ ለማግኘትስ ምን ፈተና ይጠበቃል? ይህን ከመሄድ በፊት ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ ማግኘት ይበጃል።

• ሕክምናን በስፓኒሽ የተማረ ልጅ በአገር ውስጥ የሚፈተነውና የሚሠራው በእንግሊዝኛ ነው። በትምህርቱ ዘመን እንግሊዝኛውን እንዴት ይጠብቀዋል?

• ዕድሉ ቢቋረጥ መመለሻው ምንድን ነው? ማን ይከፍላል?

• ልጁ ከመሄዱ በፊት ጥቂት ወራት ስፓኒሽ ሊማር ይችላል? የሰውነት ክፍሎችን፣ ቁጥርንና «የት ያምዎታል?» ማለትን ይዞ የሄደ ተማሪ የመጀመሪያው ወር ይቀልለታል።

• በምን ሰዓት እንደዋወላለን? ሃቫና ከአዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እኛ ማታ 2 ሰዓት ላይ እራት ስንበላ እዚያ የምሳ ሰዓት ነው። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ቀጠሮው ሲያልፍ ላለመደናገጥ አስቀድሞ መስማማት ይሻላል።

የመጨረሻው ጥያቄ ለወላጅ ብቻ ነው። ልጃችን ከ6 ዓመት በኋላ ተመልሳ ትልቅ ሆስፒታል ሳይሆን የሰፈር ጤና ጣቢያ ብትመርጥ፣ «ለዚህ ነው እንዴ የላክንሽ?» እንላታለን? መልሱን ከመሄዷ በፊት ብንነግራት ጥሩ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ የሰው በር ስታንኳኳ ቤቷ ምን እንደሚጠብቃት ማወቅ አለባት።